ከሁለት አጥቢያዎች ውሳኔ የተወለደ ሴሚናሪ

ባፕቲስቶች በመጽሐፍ ቅዱስ የበላይነት የሚያምኑ የፕሮቴስታንት ወገን ቢሆኑም፣ ከብዙዎቹ የእምነት ዘመዶቻቸው በሁለት ነገር ይለያሉ። የመጀመሪያው ስማቸውን ያወጣላቸው የጥምቀት ትምህርት ነው፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና በሚነሡበት አገር ላደገ አንባቢ እንግዳ ቢመስልም፣ ባፕቲስቶች የሚያጠምቁት ነፍስ ያወቀና እምነቱን በራሱ አንደበት የመሰከረ ሰውን ብቻ ነው፤ ይህንንም የሚፈጽሙት መላ አካሉን በውኃ ውስጥ በማጥለቅ ነው። ሁለተኛውና ለዚህ ታሪክ ይበልጥ የሚያስፈልገው የአስተዳደር ሥርዓታቸው ነው። ፓትርያርክም ሆነ ሊቀ ጳጳስ የላቸውም፤ እያንዳንዱ አጥቢያ መጋቢውን ራሱ ይመርጣል፣ ገንዘቡን ራሱ ያዛል፣ በንብረቱም ላይ ራሱ ይወስናል፤ ማኅበራትና ጉባኤዎች የሚቋቋሙትም አጥቢያዎች በፈቃዳቸው ሲተባበሩ ነው። ከዚህ የተነሣ አንድ አጥቢያ ትምህርት ቤት ልክፈት ቢል የሚከለክለው የለም፤ ከከፈተ በኋላ ግን ሊረዳው የሚገደድ የለም። በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ የተቋቋሙት የባፕቲስት ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ ዘመናቸው የደረሰባቸው ፈተና፣ ይህ ነጻነትና ይህ ብቸኝነት አብረው የወለዱት ነው።

እንቅስቃሴው የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1609 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው) ከእንግሊዝ ወደ አምስተርዳም በተሰደዱት በጆን ስማይዝና በተከታዮቻቸው ሲሆን፣ ወደ አሜሪካ የዘለቀው ሮጀር ዊሊያምስ በ1638 ገደማ በፕሮቪደንስ ከተማ ባቋቋሙት ጉባኤ ነው። በ1764 በሮድ አይላንድ የተመሠረተው ኮሌጅ፣ በኋላ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተባለው፣ የአሜሪካ ባፕቲስቶች የመጀመሪያው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሆነ። ይሁን እንጂ የአገሪቱን ባፕቲስቶች ለሁለት የከፈለ ታላቅ ጉዳይ በ1845 መጣ፤ ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ይላክ ወይስ አይላክ በሚለው ክርክር ምክንያት የደቡብ ግዛቶች አጥቢያዎች በጆርጂያ፣ በኦገስታ ከተማ ተሰብስበው የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤን ለብቻ አቋቋሙ። ጉባኤው ስለዚህ አመጣጡ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከ150 ዓመታት በኋላ፣ በ1995 ነው፤ የትኛውም የዚህ ቤተ እምነት ተቋም ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሊዘለል አይገባም። ሁለቱ ወገኖች በ1894 በፎርትረስ ሞንሮ ተገናኝተው አንዱ በሌላው የሥራ ክልል እንዳይገባ ተስማሙ፤ በዚህ መንፈስ ካሊፎርኒያ የሰሜኖቹ ክልል ሆና ትታይ ነበር። ይህ ስምምነት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በኦክላንድ ለተወለደው ሴሚናሪ የመጀመሪያው እንቅፋት ሆነበት።

በካሊፎርኒያ የባፕቲስቶች ሥራ የተጀመረው ከወርቅ ፍለጋው ጎርፍ ጋር ነው። መጋቢ ኦስጉድ ዊለር በ1849 መጀመሪያ በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሰው በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጥቁር አሜሪካውያን ምእመናን በዚያችው ከተማ የራሳቸውን ጉባኤ መሠረቱ፤ በኦክላንድም ቤዝ ኤደን የተባለው የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1889 ተቋቋመ። አጥቢያዎቹ ሲበዙ መጋቢዎችን ከምሥራቅ ጠረፍ ማስመጣቱ አልበቃ ስላለ፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ ሜቶዲስቶች ትተውት በሄዱት በቫካቪል ከተማ ግቢ ካሊፎርኒያ ኮሌጅ የተባለ የባፕቲስት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቫካቪል የእርሻ ከተማ ስለነበረች ተማሪም ገንዘብም እንደልብ አይገኝባትም ነበር፤ በመሆኑም ኮሌጁ በ1880ዎቹ ወደ ኦክላንድ ተዛወረ።

ዘመኑ ለትናንሽ ኮሌጆች የከፋ ነበር፤ በዚያው አካባቢ፣ የዛሬዋ ፍሪሞንት አንድ ሠፈር በሆነችው በኢርቪንግተን፣ በ1870ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተው ዋሽንግተን ኮሌጅም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻ ተዘግቷል። በርክሌይ ላይ በክልሉ መንግሥት ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ ጥቂት ምእመናን በሚያዋጡት ገንዘብ የሚኖር ኮሌጅ ተማሪ የሚስብበት አቅም አይኖረውም። በሚያዝያ 1906 ሳን ፍራንሲስኮን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥና የእሳት ቃጠሎ የካሊፎርኒያ ኮሌጅን ደጋፊዎችም አደኸየ፤ የኮሌጁ የገንዘብ አቋም ከዚያ በኋላ ሊያንሠራራ አልቻለም። ባፕቲስቶቹ በደቡብ ካሊፎርኒያ አዲስ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ማፈላለግ ሲጀምሩ፣ የሬድላንድስ ከተማው መጋቢ ጃስፐር ኒውተን ፊልድ የከተማቸውን ነጋዴዎች አሳምነው ቢያንስ 100,000 ዶላርና 40 ኤከር መሬት (16 ሄክታር ያህል) እንዲቀርብ በማድረጋቸው፣ በ1907 ምርጫው በሬድላንድስ ላይ ወደቀ። ኦክላንድ የባፕቲስት ኮሌጇን በዚህ አጣች። በሰሜኑ የቀረው መጋቢዎችን የሚያሠለጥነው የነገረ መለኮት ክፍል ነበር፤ እርሱም በበርክሌይ ተደላድሎ የበርክሌይ ባፕቲስት የመለኮት ትምህርት ቤት በሚል ስም ታወቀ።

የታሪኩ ሁለተኛ ምዕራፍ የተጀመረው በድርቅ ነው። በ1930ዎቹ በኦክላሆማ፣ በቴክሳስና በአርካንሳ አፈሩ በነፋስ ተጠርጎ እርሻው ሲጠፋ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ቤት ንብረታቸውን በአሮጌ መኪና ጭነው ወደ ካሊፎርኒያ ተሰደዱ፤ ጥጥ በመልቀምና ድንች በመቆፈር የሚተዳደሩ የቀን ሠራተኞችም ሆኑ። ብዙዎቹ የደቡብ ባፕቲስቶች ነበሩ፤ በካሊፎርኒያ ያገኟቸው የሰሜን ባፕቲስት አጥቢያዎች በእምነት ወንድሞቻቸው ቢሆኑም በዝማሬው፣ በስብከቱ ስልትና በኑሮ ደረጃ ስላራራቋቸው በራሳቸው ወግ ለማምለክ ፈለጉ። ከርን በተባለው ካውንቲ በሻፍተር ከተማ በ1936 የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፤ በመስከረም 1940 ደግሞ በዚያው ከተማ የ14 አጥቢያዎች ተወካዮች ተሰብስበው የካሊፎርኒያ የደቡብ ባፕቲስቶች ጠቅላላ ጉባኤን መሠረቱ። የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በ1942 እነዚህን ስደተኞች እንዲቀበል ሲጠየቅ ክርክሩ ጠንካራ ነበር፤ ተቃዋሚዎቹ ከሰሜኖቹ ጋር የተደረሰበት ስምምነት ይፈርሳል ሲሉ፣ ደጋፊዎቹ ግን ሕዝቡ ራሱ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ስለ ድንበር መከራከር ትርጉም የለውም አሉ። የደጋፊዎቹ ሐሳብ አሸነፈ። ስደት ቀድሞ የሄደበትን መንገድ ሕግ ተከትሎት እንደሚሄድ የሚያሳይ ነገር በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይገኛል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሪችመንድ የተቋቋሙት የካይዘር የመርከብ መሥሪያዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት 747 መርከቦችን ሲሠሩ፣ ለዚህ ሥራ ከደቡብ ግዛቶች ጥቁርም ነጭም ሠራተኛ ጎርፎ መጣ፤ በ1940 ወደ 24,000 ሰው ያህል የነበራት ሪችመንድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 100,000 አደገች፤ በ1940 ከ302,000 ጥቂት ይበልጥ የነበረው የኦክላንድ ሕዝብም በ1950 ከ384,000 በላይ ሆነ። በአዳዲሶቹ ሠፈሮች አጥቢያዎች ሲቋቋሙ መጋቢዎች አልነበሯቸውም። የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በዚያን ጊዜ የነበሩት ሦስት ሴሚናሪዎች በኬንታኪ፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና ነበሩ፤ ሴሚናሪ ማለት ለመጋቢነትና ለወንጌል አገልግሎት የተጠሩ ሰዎች ዕብራይስጥና ግሪክ፣ የብሉይና የሐዲስ ኪዳን ትርጓሜ፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ፣ ነገረ መለኮትና የስብከት ዘዴ የሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት ነው። ለኦክላንድ የሚቀርበው የቴክሳሱ ፎርት ዎርዝ እንኳ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በመርከብ መሥሪያ እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድርና በእሑድ የሚሰብክ ሰው ይህን ያህል መንገድ ተጉዞ መማር አይችልም፤ ወጣትና ያላገባ ቢሆን እንኳ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ከሄደ በኋላ በዚያ ካሉት ትልልቅና ደኅና ደመወዝ ከሚከፍሉ አጥቢያዎች አንዱ ሊያስቀረው ይችላል።

በመጋቢት 1944 ሁለት አጥቢያዎች ጉዳዩን በእጃቸው ያዙት። አንደኛው በኦክላንድ ያለው ጎልደን ጌት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለው የሳን ፍራንሲስኮ የመጀመሪያው ደቡብ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነበር። የኦክላንዱ መጋቢ አይሳም ሆጅስና የሳን ፍራንሲስኮው መጋቢ ዳላስ ፎክነር የሐሳቡ መሪዎች ሲሆኑ፣ ሆጅስ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ትምህርቱ በዚያው ዓመት በመስከረም፣ በኦክላንዱ ቤተ ክርስቲያን ክፍሎች ተጀመረ። የራሱ ሕንፃ፣ የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ የተመደበ ቋሚ በጀት፣ ዲግሪውን የሚያጸድቅለትም አካል አልነበረውም። ትምህርት ቤቱ በሕይወት የሚቆየው መሥራቾቹ አጥቢያዎች ለራሳቸው ከሚያስፈልጋቸው ላይ ቆርሰው እስከሰጡት ድረስ ብቻ ነበር፤ መጋቢውም በአንድ በኩል የጉባኤያቸውን ምእመናን እየጠበቁ፣ በሌላ በኩል ሴሚናሪ የሚያህል ነገር መምራት ነበረባቸው።

በዚያ ሰዓት ሁለት አጥቢያዎች ብቻቸውን ሴሚናሪ መክፈታቸው ችኩል እርምጃ ይመስላል፤ ምናልባትም ነበር። የክልሉ ጉባኤ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ብሔራዊው ጉባኤ አልተጠየቀም፤ በበርክሌይ ደግሞ የሰሜኖቹ የመለኮት ትምህርት ቤት ቆሟል። ነገር ግን ውሳኔው በሥርዓት ከላይ ወደ ታች ይምጣ ቢባል ኖሮ፣ ካሊፎርኒያ የእኛ ክልል ናት አይደለችም የሚለው ክርክር ገና ባልበረደበት ጉባኤ ውስጥ ዓመታት ይፈጅ እንደነበር ከኋላ የሆነው ሁሉ ያሳያል። መሥራቾቹ የባፕቲስት አጥቢያ ያለውን መብት እስከ መጨረሻው ተጠቀሙበት፤ አስቀድመው ከፈቱት፣ ከዚያ በኋላ የሚያሳድገው ፈለጉለት። በዚያው በ1944 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሰሜኖቹ ወግ አጥባቂ ክንፍ ካሊፎርኒያ ባፕቲስት የነገረ መለኮት ሴሚናሪን መክፈቱም ችግሩ የአንድ ወገን ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

አሳዳጊው በፍጥነት ተገኘ። በ1945 የካሊፎርኒያ የደቡብ ባፕቲስቶች ጠቅላላ ጉባኤ ሴሚናሪውን ተረከበ፤ ሁለት አጥቢያዎች የተሸከሙት ሸክም በክልሉ ባሉት አጥቢያዎች ሁሉ ላይ ተከፋፈለ ማለት ነው። እነዚህ አጥቢያዎች ግን ራሳቸው ድሆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በተከራዩት አዳራሽ ወይም ምእመናን በእጃቸው በሠሩት የእንጨት ቤት የሚሰበሰቡ ነበሩ። በ1946 ሆጅስ ሥልጣኑን ሲለቁ፣ በቴክሳሱ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር የነበሩት ቢ. ኦ. ሄሪንግ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ሆነው መጡ። የሄሪንግ መምጣት ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ የመጋቢዎች ትጋት ውጤት ሲሆን፣ አሁን በዩኒቨርሲቲ ሕይወት ውስጥ ያደገ መምህር መሪው ሆነ። በሰኔ 1944 የወጣው ከጦር ሜዳ የሚመለሱ ወታደሮችን የትምህርት ወጪ የሚሸፍነው ሕግም በመላው አሜሪካ ኮሌጆችን በተማሪ ባጥለቀለቀበት ወቅት፣ በቤተ ክርስቲያን ጓዳ ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ይዞ መቀጠል አይቻልም ነበር።

ስለዚህ ሴሚናሪው በበርክሌይ፣ አዲሰን ጎዳና ከግሮቭ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን (ግሮቭ ዛሬ በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ይጠራል) ቦታ ገዝቶ በ1940ዎቹ መጨረሻ የራሱ የሆነ ግቢ አገኘ። ቦታው ከከተማው መሐል የማይርቅ፣ ለዩኒቨርሲቲውም ቅርብ ነበር፤ ለተማሪ ሥራና ማደሪያ ለማግኘትም ያመች ነበር። ጉዳቱ ግን ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ዙሪያው በቤትና በሱቅ የተያዘ በመሆኑ የሚሰፋበት መሬት የለም። ሁለተኛ፣ ሁለት ባፕቲስት ነን የሚሉ የመለኮት ትምህርት ቤቶች በአንዲት መካከለኛ ከተማ መገኘታቸው ለሰሜኖቹ እንደ ወረራ የሚታይ ነበር። የበርክሌዩ ነባር ትምህርት ቤት በነገረ መለኮት ለዘብተኛ የሚባለውን አቋም ሲይዝ፣ አዲሱ የደቡቦቹን ወግ አጥባቂነት ያንጸባርቅ ስለነበር፣ ፉክክሩ የመሬትና የተማሪ ብቻ ሳይሆን የትምህርትም ነበር። በእርግጥ ደቡቦቹ ለሌላው ክልል ያላቸውን አክብሮት ማፍረሳቸው ፍትሐዊ ቅሬታ አስነሥቷል፤ በሌላ በኩል በመርከብ መሥሪያዎቹ ዙሪያ የሰፈረውን ሕዝብ ለብቻቸው ማገልገል የሚችሉ የሰሜኖቹ አጥቢያዎች አልነበሩም።

ከ1944 እስከ 1950 ያሉት ስድስት ዓመታት፣ ሴሚናሪው ካሳለፋቸው ዘመናት ሁሉ እጅግ አስጊዎቹ ነበሩ። የደቡብ ባፕቲስት ጉባኤ በ1925 የትብብር መርሐ ግብር የሚባል የገንዘብ ሥርዓት አቋቁሟል፤ በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ አጥቢያ ከምእመናን ከሚሰበስበው አሥራትና መባ የተወሰነውን በመቶኛ ለክልሉ ጉባኤ ይልካል፣ የክልሉ ጉባኤ ደግሞ ድርሻውን አስቀርቶ ቀሪውን ለብሔራዊው ጉባኤ ያሳልፋል፣ ብሔራዊው ጉባኤም ለሚስዮንና ለሴሚናሪዎች ያከፋፍለዋል። የካሊፎርኒያ አጥቢያዎች ወደዚህ የጋራ ገንዘብ እየላኩ፣ የራሳቸው ሴሚናሪ ግን የክልል ንብረት በመሆኑ ለብሔራዊ ሴሚናሪዎች ከሚመደበው ቀጥተኛ ድርሻ ውጭ ነበር። የሄሪንግ ዘመን ዋና ትግል ትምህርት ቤቱን ወደዚህ ማዕድ ማቅረብ ነበር።

ውጤቱ በ1950 ተገኘ። ጉባኤው በቺካጎ ባደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ጎልደን ጌት የተባለውን ይህን ሴሚናሪ የራሱ አድርጎ ተቀበለ፤ በዚያው ጊዜ በሰሜን ካሮላይና ሌላ አዲስ ሴሚናሪ እንዲከፈት ወሰነ። ቀድሞ በሦስት ሴሚናሪዎች ብቻ ይተዳደር የነበረው ሥርዓት በአንድ ጊዜ ወደ አምስት ሰፋ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1951፣ ጉባኤው በሳን ፍራንሲስኮ ተሰበሰበ፤ የጉባኤው የሥራ ቦርዶችም በአገሪቱ በየትኛውም ስፍራ መሥራት እንደሚችሉ ተወሰነ፤ የ1894ቱ የክልል አስተሳሰብም በዚህ አበቃ። ሰሜኖቹም በ1950 ስማቸውን ወደ አሜሪካን ባፕቲስት ጉባኤ ቀይረው ስለነበር፣ ሰሜንና ደቡብ የሚለው የካርታ ክፍፍል በሁለቱም ወገን ትርጉሙን አጥቷል። በዚያው በ1950 መስከረም የሎስ አንጀለስ አካባቢ የደቡብ ባፕቲስቶች በኤል ሞንቴ ከተማ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ካሊፎርኒያ ባፕቲስት ኮሌጅን ከፈቱ፤ ኮሌጁ በ1955 ወደ ሪቨርሳይድ ተዛውሮ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የአጀማመሩ መንገድ ከኦክላንዱ ጋር አንድ ነው፤ አስቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ክፍሎች፣ ቀጥሎ የክልል ጉባኤ፣ ከዚያ የራስ ግቢ።

ሄሪንግ በ1952 ሲለቁ ቦታቸውን የተኩት በኦክላሆማ የባርትልስቪል ከተማ የመጀመሪያው ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበሩት ሃሮልድ ግሬቭስ ናቸው፤ እስከ 1977 ድረስ 25 ዓመታት መርተውታል። በበርክሌይ ጠባብ ማዕዘን ብሔራዊ ሴሚናሪ ሊያድግ እንደማይችል ግልጽ ስለነበር፣ በ1953 ከጎልደን ጌት ድልድይ በስተሰሜን፣ በማሪን ካውንቲ በሚል ቫሊ አጠገብ፣ በሪቻርድሰን ባሕረ ሰርጥ ላይ ዘልቆ በሚገባው ስትሮቤሪ ፖይንት የተባለ ኮረብታማ ምድር 126 ኤከር፣ ማለትም 51 ሄክታር የሚያህል መሬት ተገዛ። ንድፉን የሠሩት በኋላ በአርሊንግተን የፕሬዚዳንት ኬኔዲን መቃብር በመንደፍ ስማቸው የታወቀው የሳን ፍራንሲስኮው አርክቴክት ጆን ካርል ዋርኔኪ ነበሩ። ከግዢው እስከ ግንባታው ፍጻሜ ስድስት ዓመት ፈጀ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሴሚናሪው በበርክሌይ ሕንፃው ተጨናንቆ እየሠራ፣ ከጋራው ገንዘብ የሚያገኘውን ድርሻ ለዕለት ወጪና ለግንባታ ማብቃቃት ነበረበት። የአዲሱ ግቢ በር የተከፈተው በ1959 ነው፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1960፣ የአሜሪካ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ደረጃ የሚመዝነው ማኅበር እውቅና ሰጠው።

ከእውቅናው በፊት የተመረቀ ተማሪ ዲግሪው በሌሎች ሴሚናሪዎች ዘንድ ዋጋ እንደሚኖረው ማረጋገጫ አልነበረውም፤ መምህራንም ደኅና ስም ያለውን ትምህርት ቤት ትተው ወደዚህ ሲመጡ በእምነት ብቻ ነበር የሚመጡት። ከ1944 እስከ 1960 ያለውን ዘመን ለመረዳት ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ግሬቭስ ራሳቸው ስለእነዚያ ዓመታት የጻፉትን መጽሐፍ በነፋስ ላይ መሄድን በሚያመለክት ርእስ ማሳተማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሴሚናሪው ወደ ኮረብታው በወጣበት ዘመን ከባሕረ ሰላጤው በስተምሥራቅ ሌላ ነገር እየተፈጠረ ነበር። በጥር 1956 ሴንተርቪል፣ ናይልስ፣ ኢርቪንግተን፣ ሚሽን ሳን ሆሴና ዋርም ስፕሪንግስ የተባሉ አምስት መንደሮች ተዋህደው ፍሪሞንት የምትባል ከተማ ሆኑ። የአትክልት ማሳዎቹ በመኪና ፋብሪካና በመኖሪያ ቤቶች ተተኩ፤ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ከእስያና ከሌሎች አህጉራት ለሚመጡ ስደተኞች በር ሲከፍት ፍሪሞንት ከሕንድ፣ ከቻይናና ከአፍጋኒስታን የመጡ ቤተሰቦች መኖሪያ ሆነች፤ በ2020 ሕዝቧ ከ230,000 በልጧል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ፣ በተለይም የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም በኦክላንድና በሳን ሆዜ ሰፍረው ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን አቋቁመዋል። ከእነርሱ መካከል ለአንዳንዶቹ የደቡብ ባፕቲስቶች ስም አዲስ አልነበረም፤ የቤተ እምነቱ ሚስዮናውያን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ሠርተዋልና።

ስትሮቤሪ ፖይንት ውብ ነበር፤ ከውበቱ ጋር ግን ሸክም ነበረው። ማሪን በአሜሪካ የኑሮ ውድነት ከሚጠቀሱት ካውንቲዎች አንዱ ሆነ፤ ከግቢው ውጭ ቤት ተከራይቶ መማር ለተማሪም ለመምህርም ከባድ ነበር። በካውንቲው የመሬት አጠቃቀም ፈቃድ መሠረት ግቢው ላይ ምን ያህል መገንባት እንደሚቻል የተገደበ ነበር፤ ሴሚናሪው ለመስፋፋት ያቀረበው ሐሳብም ከጎረቤት ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። በ1953 ሰፊ ሆኖ የታየው መሬት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሊሠራበት የማይቻል ሰፊ መሬት ሆነ። በሌላ በኩል ሴሚናሪው ተማሪ ወዳለበት መሄድን ከወዲሁ ተለማምዶ ነበር፤ በሌሎች ምዕራባዊ ግዛቶች ቅርንጫፎችን ከፍቷል፤ ስደተኛ አጥቢያዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሪዎቻቸውን እንዲያሠለጥኑ የሚያስችል መርሐ ግብርም አቋቁሟል። ይህ መርሐ ግብር በአሠራሩ ከ1944ቱ ምሥረታ የራቀ አይደለም፤ ትምህርቱ የሚካሄደው ምእመናን በሚሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ነው፣ አስተማሪዎቹም ብዙ ጊዜ በዚያው የሚያገለግሉ መጋቢዎች ናቸው።

ከ2004 ጀምሮ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄፍ አይርግ በሚያዝያ 2014 ግቢው እንደሚሸጥና ዋናው ትምህርት ቤት ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ ወዳለችው ኦንታሪዮ ከተማ እንደሚዛወር አስታወቁ፤ ዝውውሩ በ2016 ተፈጸመ፤ ትምህርት ቤቱም በዚያው ዓመት ጌትዌይ ሴሚናሪ የሚለውን ስም ያዘ። ከ57 ዓመታት በኋላ ከማሪን ሲወጣ የባሕረ ሰላጤውን አካባቢ ትቶ አልሄደም፤ ለሰሜን ካሊፎርኒያ ተማሪዎቹ ቅርንጫፍ ያቋቋመው በፍሪሞንት ነው። ከተማዋ ወደ ኦክላንድም ወደ ሳን ሆዜም በሚያደርሱት በ880ና በ680 አውራ ጎዳናዎች መካከል ያለች ስለሆነች፣ ቀን እየሠራ የሚማር ሰው ከሁለቱም አቅጣጫ ይደርስባታል፤ የቀድሞው ግቢ ግን በድልድዩ ማዶ በመሆኑ ለምሥራቁ ወገን ሁልጊዜ ሩቅ ነበር። በበርክሌይ የነበረው ተፎካካሪው ደግሞ በ1968 ከደቡብ ካሊፎርኒያው የ1944 ሴሚናሪ ጋር ተዋህዶ፣ ዛሬ የበርክሌይ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት በሚል ስም በዚያችው ከተማ ያስተምራል።